አምስት ልጆች ባሉበት ቤት ስድስተኛዋ ከውጭ አገር ስትመጣ

የስድስቱ እናት፦

ልጃችንን ከውጭ አገር በጉዲፈቻ ካመጣናት አሥራ አራት ወር ሞላ። ስትመጣ ዕድሜዋ አራት ዓመት ከአምስት ወር ነበር። ከእሷ በፊት አምስት ልጆች ነበሩን፤ በኩሩ አሥራ ስድስት፣ ሴቷ ልጄ አሥራ ሦስት፣ መንትዮቹ አሥር፣ የመጨረሻው ሰባት ዓመቱ ነበር። ማመልከቻውን ስናስገባ እኔም ባለቤቴም የምንመካው በዚህ ነበር። ልጅ ማሳደግ እናውቃለን፣ ቤቱ ጨዋታ አያጣም፣ ታላላቆቹ ታናናሾቻቸውን መያዝ ለምደዋል፣ አንዲት ልጅ ብትጨመር ፍቅር አያልቅብንም እንል ነበር። ዛሬ የምጽፈው ያ ትምክህታችን ልጅቷን ለወራት ስለጎዳት ነው።

ሂደቱን በዝርዝር አልጽፈውም። ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ መጨረሻው የፍርድ ቤት ውሳኔ ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ወስዷል። የጤና ምርመራው፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃው፣ የገቢ ማረጋገጫው፣ የቤት ጉብኝቱ ሁሉ አለቀ። የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ አምስቱንም ልጆች ለየብቻ አነጋግራቸዋለች። ጥያቄው ሁሉ ግን እኛ ለልጅቷ እንበቃ እንደሆነ የሚመዝን ነበር። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ስምንት ሰው የሚተራመስበት ቤት ውስጥ ስትገባ ምን እንደሚሰማት የጠየቀ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

መጀመሪያ ያየናት ቀን፣ በነበረችበት የሕፃናት ማሳደጊያ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ገና ከመቀመጣችን ወደ ባለቤቴ ሮጣ ጭኑ ላይ ወጣች፤ በቋንቋዋም "አባባ" አለችው። ሁለታችንንም እንባ ተናነቀን። አብራን የነበረችው ባለሙያ ግን ፊቷ አልፈካም። ምክንያቱ የገባኝ ቤት ከመጣን በኋላ ነው። ልጅቷ ጎረቤቱንም፣ ዕቃ አድራሹንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን እንግዳም እንደዚያው ሮጣ ታቅፍ ነበር። "እንዴት ያለች ሰው ወዳድ ናት" ይሉናል፤ እኛም ደስ ይለናል። ለማንም እጇን የምትዘረጋ ልጅ የራሴ የምትለው ሰው ገና እንዳላገኘች አናውቅም ነበር።

በእኛ ቤት ደግሞ የሚያቅፋት ሰው ሞልቷል። ሴቷ ልጄ ታለብሳታለች፣ በኩሩ ትከሻው ላይ ያወጣታል፣ መንትዮቹ ያጥቧታል፣ አያቷ ያስተኟታል። ሳናውቀው ያንኑ ማሳደጊያ ቤታችን ውስጥ መልሰን አቋቋምንላት፤ ተንከባካቢው በየሰዓቱ የሚፈራረቅበትን። በሦስተኛው ሳምንት መናከስ ጀመረች። ገላዋን ለማጠብ ስንነሣ ትጮሃለች። ሌሊት ደግሞ ዓይኗን ገልጣ ትጋደማለች እንጂ ድምፅ አታሰማም። አምስት ልጅ ያሳደግሁ ሴት ነኝ፤ የማታለቅስ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሳደጊያው ውስጥ ጫማ የጋራ ነበር፤ ቀድሞ የተነሣ ልጅ የተሻለውን ያደርጋል። ስለዚህ የገዛንላትን ጫማ ይዛ ነበር የምትተኛው፤ ማሰሪያውን እጇ ላይ ጠምጥማ። ጠዋት ስናነቃት ክሩ አንጓዋ ላይ ቀይ መስመር አውጥቶ እናገኘዋለን። በሁለተኛው ወር ላይ ባለቤቴ ለሁለት ቀን ሥራ ሊሄድ ሻንጣውን ሳሎን አወጣ። ልጅቷ አየችው፤ ምንም አላለችም። ወደ ክፍሏ ገባች፣ ጫማዋን ግራና ቀኙን አፈራርቃ አደረገች፣ ጃኬቷን ያዘች፣ መጥታም በሩ አጠገብ ቆመች። አላለቀሰችም። የት እንደምትሄድም፣ ማን እንደሚወስዳትም አልጠየቀችም። ተራዬ ደረሰ ብላ ነው የቆመችው። ባለቤቴ ያን ቀን አልሄደም።

በማግስቱ ወደ አማካሪ ሄድን። የነገረችን ነገር ቀላል ይመስላል፦ ለሦስት ወር ምግብ፣ ገላ፣ መኝታና ቁስል ከአንድ ሰው እጅ ብቻ ይሁን። ሌሎቹ ይጫወቱ፤ የሚያስፈልጋት ነገር ሲኖር ግን "ወደ እማማ እንሂድ" ብለው ያምጧት። ያ ሰው እኔ ሆንኩ፤ ከሥራዬም ፈቃድ ወሰድኩ። ስምንት ሰው ባለበት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሴቷ ልጄ ማበጠሪያውን ከእጇ ስወስድባት "እኔ እህቷ አይደለሁም?" ብላ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። የሰባት ዓመቱ ልጄ ደግሞ ከተወው አራት ዓመት ያለፈውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ጀመረ።

ውጤቱን ያየሁት በአምስተኛው ወር ነው። ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። በኩሩ አጠገቧ ነበር፤ እጁንም ዘረጋላት። እሱን አልፋ፣ ሳሎኑን አቋርጣ፣ ወደ እኔ መጣች፤ ጮኻም አለቀሰች። በሕይወቴ የልጅ ለቅሶ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን የምጨነቀው ለሌሎቹ ነው፤ በተለይ የቤቱ ታናሽ ለነበረው። በትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያሳለፋችሁ ካላችሁ፣ ቀድሞ ታናሽ የነበረውን ልጅ እንዴት ያዛችሁት?

አዲስ አመልካች፦

እህቴ፣ የሻንጣውን ታሪክ ለባለቤቴ ሳነብላት ድምፄ ተቆረጠ። እኛ አራት ልጆች አሉን፤ አሥራ ሁለት፣ ዘጠኝ፣ አምስትና ሦስት ዓመት። ባለፈው ወር የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ መረጃ ቀርቦልናል። የአምስትና የሦስት ዓመት ልጆቻችን ከእሱ ያንሳሉ። አንዳንዱ "ምን ችግር አለው" ይለናል፣ ሌላው "በፍጹም እንዳታደርጉት" ይለናል። በዚያ ላይ አገሮች በራቸውን እየዘጉ ስለሆነ ፈጥነን እንወስን የሚል ግፊት አለብን። የምታውቁ ብትመክሩን።

በሥራው ያለሁ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻውን ላስቀድም። በዚህ ሥራ ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከችኮላ የተወለደ ጥሩ ጉዲፈቻ አላየሁም።

አገሮች መዝጋታቸው እውነት ነው። በዓለም ደረጃ ቁጥሩ ከፍተኛ የነበረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን በዓመት ወደ 45,000 ልጆች ከአገር ወደ አገር በጉዲፈቻ ይሄዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ ወርዷል። ሩሲያ ከ2013 ጀምሮ ለአሜሪካውያን ዘጋች፣ ኢትዮጵያ በ2018 ለውጭ ዜጎች በሕግ ከለከለች፣ ቻይናም በ2024 በጥቂት የሥጋ ዝምድና ጉዳዮች ካልሆነ በስተቀር አቆመች። ምክንያቱ አንድ አይደለም። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ የተስፋፋበት አለ፤ ሰነድ የተጭበረበረበት፣ ወላጅ ያለው ልጅ "ወላጅ አልባ" ተብሎ የተሰጠበት፣ ገንዘብ የገባበትም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የሄግ ስምምነት፣ ማለትም ከአገር ወደ አገር የሚደረግን ጉዲፈቻ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የተዘጋጀው ይህን ለመከላከል ነው። ለልጁ በተወለደበት አገር ቤተሰብ የሚገኝበት መንገድ አስቀድሞ መታየት አለበት ይላል። የወላጆች ፈቃድ በነፃነት የተሰጠ፣ ክፍያ ያልገባበት፣ የእናት ፈቃድም ከወሊድ በኋላ ብቻ የተሰጠ መሆን አለበት። ስለዚህ ለቀረበላችሁ ልጅ ልትጠይቁ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ "መቼ ይመጣል?" ሳይሆን "ወደ ማሳደጊያው እንዴት ገባ? ዘመዶቹን ማን ፈለጋቸው? መቼ?" የሚል ነው። ይህን ስትጠይቁ የሚቆጣ አስፈጻሚ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

የዕድሜው ነገር፦ ብዙ ባለሙያዎች የሚመክሩት የሚመጣው ልጅ ከቤቱ ታናሽ ልጅ እንዲያንስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የቅናት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ዕድሜው ሰባት ይሁን እንጂ በሰው መታመን ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ለሁለት ዓመት ልጅ የሚሰጠውን ጊዜ ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ የእውነት የሦስት ዓመት ልጅ አለቻችሁ። ይህን የዕድሜ ተራ ያልጠበቁ ቤተሰቦች ሲሳካላቸውም አይቻለሁ፤ ግን ሁለቱም ወላጆች ሥራ ላይ በነበሩበት ቤት አላየሁም።

ከሩማኒያ፣ አብዛኞቹም ከማሳደጊያ፣ በጉዲፈቻ ወደ ብሪታንያ የሄዱትን 165 ልጆች የእንግሊዛዊው የልጆች የአእምሮ ሐኪም የማይክል ራተር ቡድን እስከ ጉልምስና ድረስ ተከታትሏቸዋል። ከስድስት ወር ዕድሜያቸው በፊት የወጡት አብዛኞቹ እንደማንኛውም ልጅ ሆነዋል። ከዚያ በላይ የቆዩት በትምህርት በኩል ቀስ በቀስ ቢያገግሙም ብዙዎቹ ትኩረት መሰብሰብና ከሰው ጋር መግባባት ላይ ችግሩ አብሯቸው አድጓል። እህታችን የጻፈችው፣ ለማያውቁት ሰው እጅ መዘርጋት፣ እዚያም በግልጽ ከታዩት ምልክቶች አንዱ ነው። ፍቅር ብቻ ያጠፋዋል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ተስፋም አትቁረጡ።

ሌላም፦ ልጁ እንደገባ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የጉበት በሽታ ቢ፣ ኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳና የአንጀት ጥገኛ ምርመራ እንደገና ይደረግ፤ የሳንባ ነቀርሳው ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገም። በወረቀት ላይ ያለ ክትባት ሁሉ ተሰጥቷል ማለት አይደለም።

ሦስተኛዋ ልጅ፦

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ነው። ሰባት ልጆች ባሉበት ቤት ሦስተኛዋ ነኝ። አምስተኛው ወንድሜ በስድስት ዓመቱ ከውጭ አገር መጣ፤ እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሁን ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ነን።

እናቴ ደግ ሴት ናት። ግን በእነዚያ ዓመታት ከአፏ በብዛት የሰማሁት "አንቺ ይገባሻል" የሚለውን ነው። አሻንጉሊቴን ሲሰብረው ይገባኛል። የልደቴ ቀን በእሱ ጩኸት ሲበተን ይገባኛል። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም እሱን ያቅፋል፣ እኛን ደግሞ "ምን ያህል የታደላችሁ ልጆች ናችሁ" ይለናል። ማዘን ሐጢአት መሰለኝ። ስለዚህ ጎበዝ ሆንኩ፣ ዝምተኛ ሆንኩ፣ የቤቱ አስታራቂ ሆንኩ። ሁሉም አመሰገነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ እንደሆነ ያስታወሰ አልነበረም።

እህቴ፣ አልጋውን የሚያረጥበው ልጅሽ እየነገረሽ ነው፤ ስለ እሱ አትፍሪ። እኔን ያሳሰቡኝ መንትዮቹ ናቸው፤ ከጻፍሽው ሁሉ ስለ እነሱ ያለው "ያጥቧታል" የሚለው ብቻ ነው።

እኔን የረዳኝ አባቴ ነው። ሳያውቀው ነው የረዳኝ። ማታ ማታ ቆሻሻ ሊጥል ሲወጣ "ነይ" ይለኛል፤ ደርሶ መልስ አሥር ደቂቃ አይሞላም። አንድ ቀን በጨለማው ውስጥ "ከመጣ ጀምሮ አልወደውም" አልኩት። አልተቆጣም፤ "እሺ" አለኝ። "እሺ" ብቻ። ቤት ስንደርስ ለማንም አልተናገረም። ከዚያ በኋላ ነው ወንድሜን ቀስ በቀስ መውደድ የቻልኩት።

ሲያድግ ይህን ነገርኩት። "አውቄው ነበር" አለኝ። "በዚያ ቤት ውስጥ የማይስቅልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ስትስቂ የእውነት መሆኑን አውቅ ነበር።"

የስድስቱ እናት፦

እህቴ፣ ስለ መንትዮቹ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እውነትሽን ነው። ዛሬ ማታ አንዱን ለብቻው ይዤ እወጣለሁ፣ ነገ ሌላውን።

ሁለት እጅ፦

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። "አንድ ሰው ብቻ" የሚለው መመሪያ ይጠቅማል፤ ያ ሰው ግን የግድ እናት መሆን የለበትም። የእኛ ልጅ ሴት በቀረበችው ቁጥር ይሸሽ ነበር፤ ከየት የመጣ ፍርሃት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ስለዚህ ለአራት ወር ያጠብኩትም ያበላሁትም እኔ አባቱ ነኝ። ባለቤቴ በበሩ ስንጥቅ እያየች ታለቅስ ነበር። አሁን ሲታመም የሚጠራው እሷን ነው።

ዘግይቶ የጠየቀ፦

እናቴ፣ እርስዎን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው። እኔ ራሴ በአምስት ዓመቴ ወደ ሌላ አገር በጉዲፈቻ የሄድኩ ሰው ነኝ። ያሳደጉኝ ስምንት ልጆች የነበሯቸው ባልና ሚስት ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ።

ቋንቋዬን ያጣሁት በስንት ጊዜ እንደሆነ ያውቃሉ? ከዓመት ባነሰ ጊዜ። ያሳደጉኝ እናት በሦስተኛው ወር ሌሊት በእንቅልፌ በቋንቋዬ ስናገር እንደሰሙኝና ከዚያ በኋላ ግን ሰምተውኝ እንደማያውቁ ነግረውኛል። ማንም አልከለከለኝም፤ የሚመልስልኝ ሰው ጠፍቶ ነው። በሃያ ሰባት ዓመቴ ወላጅ እናቴን ሳገኛት በመካከላችን አስተርጓሚ ተቀምጦ ነበር። የእናቴን ቃል ከማላውቀው ሰው አፍ ሰማሁ።

ያን ቀን ሌላም ነገር አወቅሁ። አራት ታላላቆች አሉኝ። ያሳደጉኝ ሁሉ "ብቻውን የነበረ ልጅ ብዙ ወንድምና እህት አገኘ" እያሉ ሲናገሩ አድጌአለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። ከትልቅ ቤተሰብ ወጥቼ ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ነው የገባሁት፤ ታላቅ እህቴ ጀርባዋ ላይ አዝላኝ ውኃ ልትቀዳ ትሄድ እንደነበር ነገረችኝ። ምናልባት ልጅዎ ታላላቆች ሲይዟት የምትናከሰው ማሳደጊያውን አስታውሳ ብቻ ላይሆን ይችላል። የሰነዶቿን ነገር ጠይቀዋል? የሄግ ስምምነት 30ኛው አንቀጽ ስለ ልጁ አመጣጥ፣ በተለይም ስለ ወላጆቹ ማንነትና የጤና ታሪክ ያለው መረጃ ተጠብቆ እንዲቆይ ያስገድዳል። መረጃው ሲቆይ ይጠፋል፣ ሠራተኛው ይቀየራል፣ ማሳደጊያው ይዘጋል። እሷ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ከጠበቁ የሚያገኙት ባዶ መደርደሪያ ሊሆን ይችላል።

አንድ ልመናም አለኝ። "ታድላለች" ሲሏት ዝም አይበሉ። ቤተሰብ ያጣ ልጅ ታደለ አይባልም።

የስድስቱ እናት፦

ልጄ፣ መልስህን ካነበብኩ በኋላ ሰነዶቿን አወጣሁ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ በትርጉሙ ግርጌ፣ አንድ መስመር አለ፦ "ሁለት ታላላቆች፣ በዘመድ ዘንድ።" ባለቤቴም እኔም አንብበነዋል፤ ፊርማችን ከሥሩ አለ። አንብበን አልፈነዋል። እንዴት እንዳለፍነው ለራሴ እንኳን ማስረዳት አልቻልኩም።

አዲስ አመልካች፦

እኛም ትናንት የልጁን ጉዳይ ከሚከታተሉት ሰዎች ጋር ተቀምጠን ያንን ጥያቄ ጠየቅን፤ ዘመዶቹን ማን ፈለጋቸው ብለን። አክስት እንዳለችውና ከሁለት ዓመት ወዲህ ያነጋገራት እንደሌለ ተነገረን። እሷ ሳትጠየቅ እንደማንቀጥል በጽሑፍ አሳውቀናል። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም፤ ፎቶውን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋው ነበር። ግን አክስቲቱ ልትወስደው ትችል እንደነበር በሃያ ዓመቱ ቢነግረን ምን እንመልስለታለን?

በሥራው ያለሁ፦

ወንድሜ፣ ልክ አድርጋችኋል። መልሱ ሲመጣ በቃል አትቀበሉ፤ ማን እንዳነጋገራት፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ የሚል ሰነድ ጠይቁ።

የስድስቱ እናት፦

ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

ስለ ታላላቆቿ የጠየቅነውን የአገራችን የጉዲፈቻ ባለሥልጣን ወደ ተወለደችበት አገር አቻው አስተላልፎልናል። ገና መልስ የለም። እኛ ግን ነገርናት። በአሻንጉሊት ነው የነገርናት፤ ሁለት ትልልቅና አንዲት ትንሽ። ትልልቆቹን አንሥታ ለረጅም ጊዜ ያዘቻቸው፣ ከዚያም አንድ ቃል ተናገረች። ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም፤ ቀርጸን ቋንቋውን ለሚችል ሰው ላክነው። የሰው ስም ነው አለን።

ቋንቋዋን የሚያስተምራት ሰው አግኝተናል፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ሴቷ ልጄ አብራት ልትማር ተመዝግባለች፤ ማበጠሪያውም ተመልሶላታል።

መንትዮቹን ለየብቻ ይዤ መውጣቴን አላቋረጥኩም። አንደኛው በአራተኛው ጊዜ "ገላዋን ማጠብ አልወድም ነበር፤ እምቢ ማለት እንደሚቻል አላወቅኩም" አለኝ። "እሺ" አልኩት።

ከሁሉም ይልቅ ልነግራችሁ የመጣሁት የሐሙስ ሌሊቱን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድምፅ ሰምቼ ነቃሁ። ልጅቷ እየተጣራች ነው። ስሜን አልጠራችም፤ የጠራችው ታናሽ የነበረውን ልጄን ነው፤ አሁን ስምንት ዓመቱ ነው፣ አልጋው ከእሷ ማዶ ነው። ኮሪደሩ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ሲነሣ ሰማሁት። እንዳስተማርነው "እማማን ልጥራልሽ?" አላት። "አይ" አለች። ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልነበረም። ልገባ እጄን መዝጊያው ላይ አድርጌ ተውኩት።

ጠዋት ስገባ እሱ ወለሉ ላይ፣ ጭንቅላቱን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ደግፎ ተኝቷል። አንዱ ጫማ እንደ ወትሮው እሷ እጅ ላይ ተጠምጥሟል። ሌላኛውን እሱ ይዞታል።